ድንክ፤ ስለ አንድ ቃልና ስለ መለኪያው ታሪክ

አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ድንክ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። እግሩ አጭር፣ ከመሬት ብዙ ያልራቀው መኝታ ድንክ አልጋ ይባላል፤ ከተራው ዶሮ ያነሰው ዘር ድንክ ዶሮ ይባላል፤ ቁመቱ ከጎረቤቶቹ ቁመት እጅግ ያጠረ ሰውም በዚሁ ቃል ይጠራል። ከእነዚህ ከሦስቱ አጠራሮች ሁለቱ ማንንም አያስቀይሙም። ድንክ አልጋ ሊረዝም ሲል የቀረ አልጋ አይደለም፤ አናጢው አስቦ፣ ለታሰበለት ስፍራ እንዲስማማ አድርጎ የሠራው ነው። ሦስተኛው አጠራር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሰውየው በሌለበት ነው፤ ቢሰማ ያዝናልና። አንድ ቃል በዕቃ ላይ ሲውል ገላጭ፣ በሰው ላይ ሲውል ስድብ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በቃሉ ታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ቃሉን በጥንታዊት ግብፅ የድንጋይ ጽሑፍ፣ በግሪኮች ወሬ፣ በአገራችን የባሪያ ንግድ ዘመን፣ በሰሜን አውሮፓ የአንጥረኞች ተረት፣ በመጨረሻም በዛሬው የእርሻና የከዋክብት ትምህርት ውስጥ እንከታተለዋለን። ስፍራዎቹ የተራራቁ ቢሆኑም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ይኸውም ድንክነት በነገሩ ውስጥ የሚገኝ ጠባይ ሳይሆን መለኪያ የያዘ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ነው። ስለዚህ ድንክ የተባለውን ከመመርመር አስቀድሞ ድንክ ያለው ማን እንደ ሆነና በምን እንደ ለካ መጠየቅ ይገባል። ዓመታቱ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

፩ የቃሉ ዕድሜ

በአስዋን አንጻር፣ ከዐባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ሐርኹፍ የተባለው የግብፅ ሹም መቃብር ይገኛል። ሐርኹፍ በስድስተኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ያም ወደሚባለው የደቡብ አገር ደጋግሞ የዘመተ መንገደኛና ነጋዴ ነበር። ከመቃብሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ፣ ገና ሕፃን ሳለ የነገሠው ዳግማዊ ፔፒ የላከለት ደብዳቤ በሙሉ ተቀርጾ ይነበባል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሃያ ሦስተኛው ምእተ ዓመት ገደማ ነው። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለዓለም የገለጠው ኢጣልያዊው ሊቅ ኤርኔስቶ ስኪያፓሬሊ ነው።

የደብዳቤው ምክንያት ሐርኹፍ በመልስ ጕዞው ይዞት የመጣው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው የአድማስ ነዋሪዎች ከሚባሉት ሰዎች አገር የተገኘ፣ የአምላክን ጭፈራ የሚያውቅ አጭር ሰው ነበር። ሕፃኑ ንጉሥ ደስታውን መሸሸግ አልቻለም። ሐርኹፍ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ቶሎ እንዲመጣ ያዝዘዋል፤ ሰውየው በመርከብ ላይ ሳለ ወደ ውኃ እንዳይወድቅ የታመኑ ሰዎች በግራና በቀኝ እንዲጠብቁት፣ ሲተኛም ሌሊቱን ዐሥር ጊዜ እንዲጐበኝ ያሳስባል፤ ከሲናና ከፑንት ከሚመጣው ሀብት ሁሉ ይልቅ ይህን ሰው ለማየት እንደሚናፍቅ ይነግረዋል። ከዚህ አስቀድሞ፣ በንጉሥ ኢሴሲ ዘመን፣ ባወርጀድ የተባለ ሹም እንዲሁ ያለ ሰው ከፑንት አምጥቶ እንደ ነበረም ያስታውሳል።

በደብዳቤው ውስጥ ያ ሰው የተጠራበት ቃል የሚጻፈው በሦስት ተናባቢዎች ነው፤ ድ፣ ን፣ ግ። የጥንቱ የግብፅ ጽሑፍ አናባቢዎችን ስለማያመለክት ቃሉ እንዴት ይነበብ እንደ ነበረ በርግጥ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ተናባቢዎቹ ለእኛ ጆሮ እንግዶች አይደሉም። ከአማርኛው ድንክና በአካባቢያችን ቋንቋዎች ከሚገኙት ተመሳሳይ ቃላት ጋር ያመዛዘኑት የቋንቋ ሊቃውንት አሉ።

በዚህ ነገር ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የሁለት ቃላት ድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም፤ በመካከላቸውም ከአራት ሺሕ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለ። ሆኖም ሐሳቡን ዝም ብሎ ከመጣል የሚያግዱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ግብፃውያን አጭር ሰው ለማለት በሰፊው ይሠሩበት የነበረው ቃል ሌላ መሆኑ ነው፤ ድ-ን-ግ የሚለው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገኝና ከደቡብ ለመጡት ሰዎች የተመረጠ ይመስላል። ሁለተኛው፣ ፑንት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ማለት በዛሬው የኤርትራ፣ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የሶማልያ አካባቢ እንደ ነበረ በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ መታመኑ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከደቡብ ከሄደ፣ ስሙም አብሮት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ቃሉ ከግብፅ ወደ እኛ የመጣ ሳይሆን ከእኛ ወገን ወደ ግብፅ የተሻገረ ነው ማለት ነው። ማስረጃው ፍርድ ለመስጠት የሚያበቃ ባይሆንም ጥያቄው ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

፪ ቃሉ ክብር በነበረበት ጊዜ

የግብፅ ምሳሌ የሚጠቅመን ስለ ቃሉ ዕድሜ ብቻ አይደለም። በፒራሚዶች ውስጥ በተቀረጹት የቀብር ጸሎቶች መካከል፣ የሞተው ንጉሥ በሰማይ ስፍራ እንዲሰጠው ሲለምን፣ እርሱ ራሱ በአምላክ ዙፋን ፊት የሚጨፍረው ያ ድ-ን-ግ እንደ ሆነ የሚናገርበት ስፍራ አለ። በምድር ላይ ከሁሉ በላይ የነበረው ሰው በአምላኩ ፊት በዚህ ስም ለመጠራት ወዷል።

በጊዛ በተገኘው መቃብር ውስጥ የነበረውና ዛሬ በካይሮ የግብፅ ቤተ መዘክር የሚታየው የሰነብ ሐውልት ሌላ ምስክር ነው። ሰነብ በጥንቱ መንግሥት ዘመን የኖረ፣ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ማዕርግ የነበረው፣ ለኩፉና ለጀደፍሬ መታሰቢያ በካህንነት ያገለገለ አጭር ሰው ነበር። ቀራጺው ሰነብን እግሮቹን አጣጥፎ በሚስቱ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ሚስቱም በክንዷ አቅፋዋለች። የሌላ ሰው እግር ይወርድበት በነበረው ባዶ ስፍራ ላይ ሁለቱ ልጆቹ ቆመዋል። የአካሉ ማጠር አልተሸሸገም፤ መሳለቂያም አልተደረገም። መቃብሩን በ1920ዎቹ ያገኘው ሄርማን ዩንከር ነው።

እንደ ሰነብ ያሉት በማዕርግ የታወቁ ቢሆኑ፣ ሌሎች ደግሞ በእጅ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በሳቃራ በሚገኘው በመረሩካ መቃብር ግድግዳ ላይ አጫጭር ሠራተኞች ተቀምጠው የአንገት ጌጥ ሲሠሩ ይታያሉ። ወርቅና የከበረ ድንጋይ ለማይታመን ሰው አይሰጥምና፣ ሥዕሉ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገረው ብዙ ነው። ከዚያ ዘመን ከሺሕ ዓመት በላይ ቈይቶ የተጻፈው የአሜንኤምኦፔ የምክር መጽሐፍ፣ በዕውር ላይ መሳቅንና በድንክ ላይ መቀለድን ይከለክላል። መከልከሉ ራሱ የሚቀልዱ ሰዎች እንደ ነበሩ ያመለክታል፤ ነገር ግን ቀልዱ ነውር መሆኑ በጽሑፍ የታወቀ ነበር።

ከዚያው ከግብፅ ምድር፣ በክርስትናው ዘመን፣ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። በአስቄጥስ በረሃ ከነበሩት አባቶች አንዱ በግዕዙ ስንክሳር ጥቅምት 20 ቀን የሚታሰቡት ቅዱስ ዮሐንስ ሐጺር ናቸው። ሐጺር ማለት አጭር ማለት ነው። መምህራቸው የተከሉትን ደረቅ እንጨት ውኃ እንዲያጠጡ ቢያዝዟቸው ለምን ሳይሉ ዓመታት ሙሉ ከሩቅ ስፍራ እየቀዱ አጠጡት፤ በመጨረሻም እንጨቱ ለምልሞ አፈራ ይባላል። የአገልግሎቱ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራቸው በአጭርነታቸው ነው፤ በዚያ ስም ውስጥ ግን የነቀፋ ጥላ የለም። መለኪያው ቁመት ሳይሆን መታዘዝ ነበረና።

ይህን ሁሉ ከኋለኛው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ልማድ ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ይታያል። ታላቁ ጴጥሮስ በ1710 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ የአንድን አጭር አገልጋይ ሠርግ ሲያስደርግ፣ ከመንግሥቱ ልዩ ልዩ ክፍል በርካታ አጫጭር ሰዎች እንዲሰበሰቡ አዝዞ ነበር፤ የተሰበሰቡትም ረዣዥሞቹ ተጋባዦች እንዲስቁባቸው ነው። የሰነብና የእነዚህ ሰዎች አካል አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለየው ተመልካቹ ነው።

፫ ክንድና ስንዝር

ግሪኮች ለአጫጭር ሕዝቦች የሰጡት ስም ፒግማዮስ የሚል ነው። ቃሉ ፒግሜ ከሚባለው መለኪያ የወጣ ነው፤ ፒግሜ ከክርን እስከ ጭብጥ እጅ አንጓ ድረስ ያለው ርዝመት ነው። ሆሜሮስ በኢልያዳ ሦስተኛ ክፍል እነዚህ ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት ከሚመጡ የወንዝ አሞራዎች ጋር እንደሚዋጉ ያወሳል። አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ ዐባይ ከሚፈልቅበት ረግረግ አጠገብ እንደሚኖሩ ተናግሮ፣ ወሬው ተረት አለመሆኑን ጨምሯል።

በእኛም አገር ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት የስንዝሮ ተረት አለ። ስንዝሮ ስሙ እንደሚያመለክተው ከስንዝር የማይበልጥ ልጅ ሲሆን፣ በብልሃቱ ግን ታላላቆቹን ይበልጣል። ሁለቱን ስሞች ስናስተያይ አንድ ነገር እንረዳለን። ግሪኩ በክንዱ ለካ፣ የእኛ ተራች በስንዝሩ ለካ፤ ሁለቱም ለማያዩት ሰው ስም ያወጡት የራሳቸውን እጅ ዘርግተው ነው። ሆኖም የሁለቱ ተረቶች ፍጻሜ ተለያየ። ስንዝሮ የቤት ልጅ ነው፤ እናትና አባት፣ ወንድሞችም አሉት፤ ስለዚህ ሰሚው ለእርሱ ያደላል። የግሪኩ አጭር ሰው ግን በዓለም ዳርቻ የሚኖር ባዕድ ነው፤ ከአሞራ ጋር ሲዋጋ የሚታይ እንግዳ ነገር እንጂ የማንም ወንድም አይደለም። ተረት ሰውን ሲያሳንስ ከቁመቱ ይልቅ ዘመዶቹን ያሳጣዋል።

በመካከለኛው አፍሪቃ ደን ውስጥ በእውነት ቁመታቸው አጭር የሆኑ ሕዝቦች መኖራቸውን አውሮፓውያን በዓይን ምስክር ያረጋገጡት በ1870 ነው። በዚያ ዓመት ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽዋይንፉርት በመንግቤቱ ንጉሥ በሙንዛ ከተማ አካ ከሚባሉት ሰዎች ጋር ተገናኘ። ሽዋይንፉርት ስለ እነርሱ ሲጽፍ ወዲያው የሆሜሮስንና የአርስጣጣሊስን ነገር አነሣ። አካ የሚባሉት የራሳቸው ስምና የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ሕዝብ ሆነው ሳሉ ወደ አውሮፓ መጻሕፍት የገቡት የአንድ አሮጌ ተረት ማረጋገጫ ሆነው ነው።

፬ የዶኮ ወሬ

ከዚህ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአገራችን ውስጥ፣ ከዚህ የሚበልጥ የሚያሳስብ ነገር ደርሶ ነበር። ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 ወደ ሸዋ መጥቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር እስከ 1842 ተቀመጠ። በዚያም ዲልቦ ከሚባል፣ ትውልዱ ከእናርያ ከሆነ የንጉሡ ባሪያ፣ ከከፋ በስተ ደቡብ ስለሚኖሩ ዶኮ ስለሚባሉ ሰዎች ወሬ ሰማ፤ ወሬውንም ጻፈው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው ኮርንዋሊስ ሐሪስ ደግሞ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን አሰፋው።

በወሬው መሠረት ዶኮዎች ቁመታቸው ከዐሥር ዓመት ልጅ አይበልጥም፤ በቀርከሃ ደን ውስጥ ይኖራሉ፤ ልብስ፣ እሳት፣ መሣሪያ፣ አለቃና ሕግ የላቸውም፤ አያርሱም፤ ሥራ ሥርን፣ ጕንዳንን፣ እባብንና አይጥን ይበላሉ። ባሪያ ፈንጋዮች ከደኑ አጠገብ ቆመው ቀለሙ የሚያምር ጨርቅ እያሳዩ ሲዘፍኑ፣ ዶኮዎቹ መቃወም እንደማይጠቅማቸው ስለሚያውቁ ሳይዋጉ ይያዛሉ፤ ጥቂት ሰዎች ብዙ ሺሕ ሊማርኩ ይችላሉ። ከተያዙም በኋላ ታዛዦች፣ ጤነኞች፣ ፍላጎታቸው ጥቂት የሆነ አገልጋዮች ይሆናሉ።

ይህን ወሬ የአውሮፓ ጂኦግራፊ ሊቃውንት የተከራከሩበት ዶኮዎች በእውነት ድንኮች ናቸው ወይስ አይደሉም በማለት ነው። በ1840ዎቹ እስከ እናርያና ከፋ የዘለቀው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ድንኮች መሆናቸውን አልተቀበለም። ሌሎቹ ግን እስከ መቶ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በካርታና በመጽሐፍ ሲፈልጓቸው ቈዩ። በጋሞ ደጋ ዶኮ የሚባል ማኅበረሰብ እስከ ዛሬ አለ፤ ሰዎቹ ቁመታቸው እንደ ማናቸውም ጎረቤት የሆነ፣ እንሰትና ገብስ የሚያመርቱ፣ በሽመና ሙያቸው የታወቁ፣ ሸንጎና ሥርዐት ያላቸው ናቸው። ክራፕፍ የሰማው ዶኮና የጋሞው ዶኮ አንድ ነው ብሎ ለመፍረድ የስም መመሳሰል ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን በዚያ አቅጣጫ ስሙን ይዞ የተገኘው ሕዝብ ከወሬው ጋር በምንም አይመሳሰልም።

እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ከመነሻው የተሳሳተ ስፍራ ላይ ቆሞ ነበር። ወሬውን ደግመን ብናነብበው ስለ ሰዎቹ ቁመት የሚነግረን ጥቂት፣ ስለ ነጋሪዎቹ ሙያ የሚነግረን ግን ብዙ ነው። የማይዋጋ፣ በቀላሉ የሚያዝ፣ ጥቂት የሚበላ፣ የማይታመም፣ የማያምፅ፤ ይህ ሁሉ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያሞግስበት አነጋገር ነው። አለቃ የለውም ማለት የሚካስ ወገን የለም ማለት ነው፤ ሕግ የለውም ማለት የተጣሰ ሕግ የለም ማለት ነው። ሰውን ለመሸጥ አስቀድሞ ማሳነስ ያስፈልጋልና፣ በሲዳማ በር የሚያልፈው የባሪያ ንግድ ለሚዘረፈው ሕዝብ የድንክ ቁመት ሰጠው። ዲልቦ ራሱ ባሪያ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም፤ የነገረውም ከፈንጋዮች አፍ በአገሩ ሲነገር ያደገበትን ሊሆን ይችላል። ክራፕፍም ቅን ሰው ነበር። ስሕተቱ የነጋሪው ወይም የጸሐፊው ክፋት ሳይሆን፣ ወሬው በማን ገበያ እንደ ተሠራ ማንም አለመጠየቁ ነው።

፭ አንጥረኞች

ከባሪያ ንግድ ቀጥሎ ሰውን በማሳነስ የታወቀው የእጅ ሙያን መናቅ ነው። በዚህም ረገድ የሰሜን አውሮፓ ተረት ከእኛ ልማድ ጋር ሊመዛዘን ይችላል። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው መቶ ዓመት በሰበሰበው መጽሐፍ ውስጥ፣ የአማልክቱን የከበሩ ዕቃዎች የሚሠሩት ድቬርጋር የሚባሉ፣ በድንጋይና በመሬት ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረቶች ናቸው። ቶር የሚባለውን አምላክ መዶሻ የሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ወናፍ የሚነፋውን ዝንብ ስለ ነደፈው ሥራው ጥቂት ተስተጓጕሎ የመዶሻው እጀታ አጥሮ ቀረ ይባላል። ሰማይንም በአራቱ ማዕዘን ደግፈው የያዙት አራት ድቬርጋር ናቸው።

ዛሬ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ድንክ የሚሉበት ቃል ከዚሁ ስም ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። የሚያስደንቀው ግን በጥንቶቹ ጽሑፎች ውስጥ የእነዚህ አንጥረኞች ማጠር ጐልቶ አለመነገሩ ነው። ብልሃተኞች፣ ምስጢረኞች፣ የሚፈሩ ናቸው፤ እያጠሩ የመጡት በኋለኛው ዘመን ተረት ነው። የጀርመን ማዕድን ቈፋሪዎችም በመሬት ውስጥ ያሉ ትናንሽ መናፍስት እንደሚያታልሏቸው ያምኑ ነበር። መዳብ መስሎ መዳብ የማይወጣውን፣ ሲያቀልጡትም መርዝ የሚተነውን ድንጋይ በእነርሱ ስም ጠሩት። በ1730ዎቹ ጌኦርግ ብራንት የለየው ኮባልትና በ1751 አክሰል ክሮንስቴት የለየው ኒኬል ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው።

በአገራችን ጠይብ የተባለው አንጥረኛ ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም። ማረሻውን፣ ጦሩንና መስቀሉን የሚሠራው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራና ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የከለከሉት ልማዱ አገርን እንደሚጐዳ ስላዩ ነው። አዋጁ ልማዱን በአንድ ቀን አላጠፋውም። ነገር ግን በሰሜንም በእኛም ዘንድ የነገሩ ምክንያት አንድ መሆኑን ያስረዳል፤ ሰው የማይችለውን ሙያ የሚችለውን ሰው ሲያስፈልገውና ሲፈራው፣ ፍርሃቱን የሚያቀልለው እርሱን በማሳነስ ነው። የሰሜኑ ሰው አንጥረኛውን በቁመት አሳነሰው፤ የእኛ ሰው ከሰው ተራ አወጣው።

፮ ስንዴና ኮከብ

እስከ አሁን የተመለከትነው ቃሉ በሰው ላይ ሲውል ነው። በዛሬው ዘመን ግን ሳይንስ ይኸንኑ ቃል ወስዶ በሌላ መንገድ እየሠራበት ነው፤ አሠራሩም ለጥያቄያችን ብርሃን ይሰጣል።

ረዥም ስንዴ ፍሬው ሲከብድ፣ በተለይም ማዳበሪያ ካገኘ፣ በነፋስና በዝናብ ይጋሸባል፤ የተጋሸበ አዝመራ ደግሞ ይበሰብሳል። በጃፓን በ1935 የወጣው ኖሪን 10 የሚባለው አጭር ስንዴ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ ኦርቪል ቮግልና ከእርሱም በኋላ በሜክሲኮ ኖርማን ቦርሎግ ከሌሎች ዘሮች ጋር አዳቀሉት። አጭር አገዳ ያለው አዲሱ ስንዴ ከባድ ፍሬ ተሸክሞ የሚቆም ሆነ። ሕንድ በ1965 ዐሥራ ሁለት ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረውን የስንዴ ምርቷን በ1970 ወደ ሃያ ሚሊዮን ቶን ገደማ አደረሰች፤ ቦርሎግም በዚያው ዓመት የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለ። በአርሲ የሚገኘው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ለገበሬው ካሰራጫቸው ስንዴዎች ብዙዎቹ የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። ጤፋችን ግን ዛሬም በመጋሸብ ይጐዳል።

በዚህ ላይ ድንክ ማለት ምስጋና ሆነ። ሆኖም ለበሬው ጭድ፣ ለጎጆው ክዳን የሚፈልገው ገበሬ ይኸንኑ ስንዴ ሲያይ የሚያጥረው ነገር አለ። ስንዴው አንድ ነው፤ በፍሬ የሚለካው አተረፈ ይላል፣ በጭድ የሚለካው ጐደለ ይላል።

ከምድር ወደ ሰማይ ብናቀና ደግሞ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዴንማርካዊው ኤይናር ሄርትስፕሩንግና አሜሪካዊው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ከዋክብትን እንደ ብርሃናቸው መጠን ግዙፎችና ድንኮች ብለው የሚለዩበትን መንገድ አገኙ። በዚህ አከፋፈል የእኛ ፀሐይ፣ የጐኗ ስፋት 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሆነው፣ ከድንኮቹ ወገን ናት። የጥንት ሰዎች እንደ አምላክ የሰገዱላት ፀሐይ በከዋክብት ተርታ ድንክ ስትባል ማንም አላዘነላትም፤ ሙቀቷም አልቀነሰም።

ነጭ ድንክ የሚባሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። የሲርዮስ ኮከብ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው ፍሪድሪኽ ቤሰል በ1844 ከእንቅስቃሴው አስልቶ ተናገረ፤ አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 በመነጽር አየው። ይህ ኮከብ ክብደቱ የፀሐይን ያህል ሆኖ ስፋቱ ግን ከምድራችን አይበልጥም። ዓይን የሚያየው ትንሽነቱን ነው፤ ታላቁን ሲርዮስን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው የተገኘው ግን ይኸው ትንሽ ኮከብ ነው።

በ1930 የተገኘው ፕሉቶም እስከ 2006 ድረስ ዘጠነኛው ፈለክ ይባል ነበር። በ2005 በትልቅነት ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ ኤሪስ የተባለ አካል መገኘቱ ሲገለጥ፣ የዓለም የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር በነሐሴ 2006 በፕራግ ተሰብስቦ ፈለክ ስለሚባለው ነገር ትርጕም ሰጠ፤ ፕሉቶም ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንክ ፈለክ ተባለ። በብዙ አገር ሰዎች ፕሉቶ የተዋረደ ያህል አዘኑ። ፕሉቶ ግን በመንገዱ መዞሩን አላቋረጠም፤ የተለወጠው በሰዎች እጅ ያለው መለኪያ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንድ ትምህርት ይሰጡናል። ስንዴና ኮከብ ድንክ ሲባሉ መለኪያው በግልጥ ይነገራል፤ ይህን ያህል ክንድ፣ ይህን ያህል ብርሃን ይባላል፤ የማይስማማውም ሊከራከር ይችላል። ሰው ድንክ ሲባል ግን መለኪያው ይሸሸጋል። የሚሰማው የቁመት ልክ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የገበያ ዋጋ፣ የሙያ ንቀት፣ የባዕድነት ፍርሃት ይገኛል። በዕቃ ላይ ገላጭ የሆነው ቃል በሰው ላይ ስድብ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለማኅበራችን አባላትና በየአውራጃው እየዞሩ ወግና ልማድ ለሚጽፉ ተማሪዎች የሥራ ጕዳይ ነው። እገሌ የሚባለው ጎሣ አጭር ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ሕግ የለውም የሚል ወሬ ሲነገራቸው፣ ወሬውን ከመጻፋቸው ጋር ነጋሪው ከዚያ ሕዝብ ጋር ምን ይገበያይ እንደ ነበረ፣ ምን ይወስድበት ወይም ምን ይፈራበት እንደ ነበረ አብረው ይጻፉ። የሕዝቡን ስም ከጎረቤቱ ሳይሆን ከራሱ ይጠይቁ። ክራፕፍ ይህን ቢያደርግ ኖሮ፣ የዶኮ ስም ለስድሳ ዓመት የድንኮች ስም ሆኖ ባልተጻፈ ነበር።

በመካከላችን የሚኖሩትን አጫጭር ወገኖቻችንንም በሚመለከት ዕውቀታችን ከአባቶቻችን ይሰፋል። ከሚያሳጥሩት የአጥንት ዕድገት ምክንያቶች ዋነኛው በአንድ ዘር ወራሽ ቅንጣት ለውጥ እንደሚመጣ በ1994 ታውቋል፤ እንዲህ ሆነው ከሚወለዱት አብዛኞቹም ወላጆቻቸው እንደ ማንኛውም ሰው የሚረዝሙ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የእርግማን ምልክት አይደለም፤ በማናቸውም ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። ሐርኹፍ ይዞት የሄደውን ሰው ስም ደብዳቤው አልነገረንም። ንጉሡ ወደደው፣ በሌሊት ዐሥር ጊዜ አስጐበኘው፤ ስሙን ግን አልጠየቀም። ድ-ን-ግ የሚለው ቃል ብቻ ተጽፎ ቀረ፤ ቃሉንም ምናልባት እኛ ዛሬ እንናገርበታለን። ያ ሰው በአገሩ ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበረ አንድ ሰው ጠይቆ ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ከደብዳቤው ሁሉ ይልቅ ለታሪክ የሚጠቅመው ያ አንድ ስም በሆነ ነበር።